ከታች የሚይዘው

ወንድሜን የስራ ጓደኞቹ ክሬን ነው የሚሉት። የቤት ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነው። ፍሪጅ በደረጃ ሲወጣ ከላይ የያዘው ወደኋላ እየረገጠ መንገድ ያሳያል፤ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች የያዘው ላይ ነው። ከታች ሁሌ እሱ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ።

ራስ ምታቱ ከጀመረው አራት ወሩ ነው። ዕቃ ሲያነሳ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ ሲደርስ ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ባንዴ ይፈነዳል። እንደዛ ነው ያለኝ፣ ይፈነዳል። መልቀቅ አይችልም፣ ዕቃው ስር ያለው እሱ ራሱ ነው። ጥርሱን ነክሶ ያደርሰውና ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የጫማ ክር የሚያስር ይመስላል። ጓደኞቹ የክሬን ጫማ ከፍታ አይስማማውም እያሉ ይስቁበታል። አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን መብራቱን አጥፊልኝ ይለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

ለምኜ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ በደንብ ነው ያየችው። ከባድ ነገር ሲነሳ የሚመጣ ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ለክፉ አይሰጥም፣ ግን እንዲህ በድንገት ሲሆን የደም ስር ችግር እንዳይኖር ጭንቅላትህ በማሽን መታየት አለበት አለችው። ለሐሙስ ቀጠረችው። እስከዛ ምንም እንዳታነሳ አለችው። እሱ የሰማው ለክፉ አይሰጥም የሚለውን ብቻ ነው። በማግስቱ ስራ ገባ።

ከዛ ደህና ሆነ። መብራት አጥፊ ማለቱን ተወ፣ ራት ላይ ቀልድ ጀመረ። እኔ ግን አላመንኩም። ሸሚዙን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ የማስታገሻ ክኒን ባዶ ሽፋን አገኘሁ። ደህና የመሰለኝ ለካ ሳያመው ቀድሞ እየዋጠ ነው።

ረቡዕ ሳልነግረው አለቃቸው ጋ ሄድኩ። መኪናው ላይ ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና ከደረት ኪሱ ያንኑ ክኒን አወጣ፣ ሙሉ ፓኮ።

"ከኔ ነው የሚወስደው፣ እህቴ" አለኝ። "ጠዋት ጠዋት ከጓንቱ ጋር አከፋፍላቸዋለሁ። እኔም እውጣለሁ።"

ክፉ ሰው ቢሆን በተሻለኝ ነበር። ውሃ ጠጪ ብሎ የራሱን ጠርሙስ ሰጠኝ።

ወንድሜም ማታ ሲመጣ አልተቆጣኝም። "አለቃችን ከታች ሌላ ሰው ላስገባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ" አለ። "አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ታስገቢያለሽ?"

ጓደኞቹን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

ሐሙስ የቢሮ ዕቃ አምስተኛ ፎቅ ሊያወጣ ሄደ። እኔ ሐኪም ቤት ሄጄ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፣ የሱን ጭንቅላት እኔ አላሳይለት። ስሙ ሁለቴ ተጠራ። አቤት ማለት አልቻልኩም፣ መጥቷል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ። ነርሷ ካርዱን ወደ ጎን አድርጋ ቀጣዩን ጠራች። አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ደግፋቸው ገቡ፣ በሩም ተዘጋ።