የሾፌሩ በር

ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ሳምንት ሆነው። መኪናው በራችን ላይ እንደቆመች ናት። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ደርቆባታል። ለመጨረሻ ጊዜ ኦቤትስ ከተማ ከሚሠራበት መጋዘን ነድቶ መጥቶ ሲወርድ፣ ካፖርቱ የሾፌሩ በር ላይ ያለውን ጨው ጠርጎት ነበር። ያ ምልክት እንዳይጠፋብኝ መኪናዋን ሳላሳጥብ ቆየሁ።

ዛሬ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ፣ የረጠበ ጨውና የብረት ሽታ ሲመጣብኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ከአሰብ ወደ ደሴ ጨው የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጉዞ ሲመለስ ቤት ከመግባቱ በፊት ጨውን ሊያጥብ መኪናው ስር ይገባል። እኔ ውሃ በባልዲ አቀብለዋለሁ።

«ሚስት ሰላም አትባልም?» ትለዋለች እናቴ ከደጃፉ።

«አንቺን ጨው አይበላሽም» ይላታል ከስር።

አንድ ቀን ብረቱን በተቃጠለ ዘይት እየቀባ፣ «ከላይ የምታይው ቶሎ አይጎዳም ልጄ። ከስር ያለውን ግን ጨው ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚበላው» አለኝ።

ይህን ሳስብ ልጄ ከቤት ወጣች። «ማሚ፣ ካር ዎሽ ልውሰዳት፤ ረስት እያደረገች ነው፤ ዛገች እኮ።»

«እዚሁ እናጥባት» አልኳት።

የውሃውን ጎማ ይዤ ተንበረከክሁና ከስር አጠብኩ። መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ወረደ፤ እስኪጠራ ድረስ አልተነሳሁም። ልጄ ጎማውን ተቀብላኝ ወደ ሾፌሩ በር ስታዞረው እጇን ያዝኩት።

«ይሄ ይቆይ።»

«እሱንም ጨው ይበላዋል እኮ ማሚ» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አልኳትና ውሃውን ዘጋሁት።