የጠቆረው ፕላስተር

ልጅ እያለሁ የእናቴ እጅ ሁልጊዜ ሳሙናና ትኩስ ጨርቅ ይሸት ነበር። ካዛንቺስ ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን የምታጸዳው እሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ በቀጥታ እዚያ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ጥቃቅኖቹን መቀሶች አንድ በአንድ በለስላሳ ብሩሽ ታሻቸዋለች፣ በተጣራ ውሃ ታለቀልቃቸዋለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ ፕላስተር ትለጥፍና በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን ውስጥ ትከታቸዋለች። ፕላስተሩ ላይ ያሉት ፈዛዛ ሰረዞች በሙቀቱ ይጠቁራሉ። እኔ የምወደው እሱን ነበር፤ እሷ ግን የምታምነው የማሽኑን ሰዓት ነው፤ ጀርሙ የሚሞተው ሰዓቱ ሲሞላ ነውና። መብራት ከጠፋ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የወላጆች ቀን ደረሰ። ግጥም የማነበው እኔ ስለነበርኩ የምሆነውን አጥቻለሁ። ልወስዳት ስመጣ የመጨረሻው ጥቅል ማሽኑ ውስጥ እያለ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑን ከፍታ ጥቅሉን አየችው፤ ሰረዞቹ ጠቁረዋል፣ ሰዓቱ ግን ገና ግማሽ ነበር። እንደገና ልታስጀምረው ስትል አለቀስኩ።

«እማዬ፣ ጠቁሯል እኮ! በቃ!»

ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች። ጥቅሉን አውጥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ግጥሜን ሳነብ ከፊት ተቀምጣ አጨበጨበችልኝ፤ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በማግስቱ ማልዳ ልትደግመው ብትገሰግስም ጥቅሉ ተፈትቶ የመጀመሪያዋ ታካሚ ዓይን ላይ ውሏል። ታካሚዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው መግል ቋጠረ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ዓይናቸው አላዩም። ሐኪሙ ከብዙ ነገር ሊመጣ ይችላል ቢላትም፣ እማዬ ሰዓቱ እንዳልሞላ ራሷ ተናግራ ሥራዋን ለቀቀች። እትዬ ዘነበችን እስኪሞቱ ድረስ በየእሑዱ እጃቸውን ይዛ ኡራኤል ታደርሳቸው ነበር። እኔን ግን አንድም ቀን በዚያ ነገር አልወቀሰችኝም። ያ ዝምታዋ ከቁጣ ይልቅ ከብዶኝ አደግኩ።

ዛሬ ሰፈራችን ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ያኔ እየጎተትኩ ያስቸኮልኳትን እናቴን አሁን በዝግታ የምመራት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የእሷንም የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ደምበል አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ልታስገባት ስትል እማዬ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ አይጨነቁ እናቴ፣ ጄኔሬተር አለን» አለች ነርሷ እየሳቀች።

«ቢጠፋስ? ከዜሮ ትጀምራላችሁ?»

«እንጀምራለን።»

እማዬ ያን ጊዜ የነርሷን እጅ ለቅቃ ገባች። እማዬን ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ።