የበረቱ ደጃፍ አፈር

የካቻምናው ክረምት ዝናቡ አልሰሰተም። ጠዋት ማታ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የላፍቶ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። ሰው ብርዱን ቢያማርርም ልቡ ደስ ብሎት፣ ዘንድሮስ ጥጋብ ነው ይባባል ነበር። የጋሽ ቶሌራ ሣር ብቻ አንድ ስንዝር ሆኖ ቆመ።

ጋሽ ቶሌራ የድሮ ላፍቶ ሰው ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ፣ አገሩ ሁሉ ጤፍና ሽምብራ ሳለ፣ ከአባቱ ጋር ያረሰ። አሁን የቀረችው ከፎቆቹ ጀርባ እስከ ወንዙ የምትወርድ አንዲት የሣር ቦታ ናት። ሁለት ላሞች ከእሷ ይበላሉ። አንዷን፣ ዳልቻን፣ ሟች ባለቤቱ እማዋይሽ ናት ከጥጃነቷ በጡጦ ያሳደገቻት። እንዲያው ሣሩ እንዲህ ከቀረ ሁለቱን መቀለብ አይችልም፤ ለመስቀል ደላላ መጥቶ ዳልቻን ሊወስድ ተነጋግረዋል። ያን ሰሞን ምግብ አልወርድ አለው።

በእጁ ያለው አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ነው። የት እንደሚበትነው እንዲያውቅ፣ በወረዳው ግብርና የምትሠራ ሀኒፋ የምትባል ልጅ፣ አፈሩ ይመርመርልዎ ብላ ከመሬቱ አፈር አስላከችው። ውጤቱ ግን አፈሩ የጠገበ ነው፣ ማዳበሪያ ቢበተንበትም ሣሩ ምንም አይጨምርም አለ። ጋሽ ቶሌራ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከዳልቻ ተስፋ ቆረጠ።

ሀኒፋ አላመነችም። በቦቲ ጭቃውን እየረገጠች መጥታ ሣሩን አየችው። ድሮ በክረምት ዳገቱ ላይ የሚፈላው ማገጥ፣ ላም የምትወደው ያ ባለ ሦስት ቅጠል፣ ድራሹ የለም።

«አባባ፣ አፈሩን ከየት ነው ያወጡት?»

«ከበረቱ ደጃፍ። ጥቁሩን፣ ደህናውን። ለሰው መጥፎ ነገር ይላካል እንዴ?»

ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጤነኛውን ልጅ ሐኪም ቤት ወስደው የታመመውን እኮ እቤት ተዉት።»

አፈረ፤ ቆይቶ እሱም ሳቀ። የስንት ዓመት እበት የተኛበት ደጃፍ ምን ይጎድለዋል? ሰውዬው ያደገበትን ደንብ ነው የፈጸመው።

ያን ዕለት ሣሩን ከጥግ እስከ ጥግ እየተጠማዘዙ ሄዱበት። የዳገቱን ለብቻ፣ የወንዙን ዳር ለብቻ፣ ከየአሥራ አምስት ቦታ ስንዝር ስንዝር እየቆፈሩ በባልዲ ደባልቀው ላኩት። መልሱ ሲመጣ የወንዙ ዳር ምንም አልጎደለውም። ዳገቱ ግን ፎስፈረስ የሚሉት ነገር አልቆበታል፤ ማገጡም የጠፋው በዚያ ነው፤ ማዳበሪያው የሚሠራው እዚያ ነው አለችው። ጆንያውን በሙሉ ዳገቱ ላይ በተነው። በአጥሩ ጥግ አራት እርምጃ ያህል ሳይነካ እንዲተው ነገረችው፣ ልዩነቱን በዓይኑ እንዲያይ።

ነሐሴ ሲያልቅ ማገጡ ተመለሰ። የዳገቱ ሣር ጉልበት ደረሰ፤ የአጥሩ ጥግ በስንዝሩ ቀረ። ጋሽ ቶሌራ አንድ እግሩን በአጭሩ፣ አንድ እግሩን በረጅሙ ውስጥ አድርጎ ብዙ ቆመ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ የቀረበለትን ጠርጎ በላ። ደላላው በመስቀል ዋዜማ መጣ፤ ጠላውን ጠጥቶ፣ ሣሩን አይቶ፣ ገመዱን እንደጠቀለለ ተመለሰ።

ጋሽ ቶሌራ ባለፈው ሐሙስ ከፎቆቹ ጀርባ፣ እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ለዳልቻ ሣር ሲያጭድ ታይቷል።