ንፋስ የጣለው

ዊንድፎል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሱዳን ድንበር አጠገብ ሸሕዲ ላይ ያስተማርኩ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ግራ ገባው። ሳይለፉ ድንገት የሚገኝ ሀብት ነው፣ በእኛ ሲሳይ ይቀርበዋል አልኳቸው። አመጣጡንም እንደ ዐዋቂ ተነተንኩ፤ ዱሮ በእንግሊዝ አገር ዛፉ የጌታው ስለሆነ ድኻ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይችልም፤ ንፋስ የጣለውን ቢያነሳ ግን ከልካይ አልነበረውም ይባላል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ንፋስ እንዴት ሀብት ያመጣል?»

ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር። በየማሳው ነዶው ተደግፎ፣ የአገሩ ሰው ሂላ እንደሚለው ተከምሮ ቆሟል። ሰሊጥ ሲደርቅ ቅርፊቱ አፉን ይከፍታል፤ ያኔ ንፋስ ከመጣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ነው። ዞር ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁ።

እዚያ ቆላ የጣለኝ የመንግሥት ምደባ ነው። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች፤ ናፍቆ የሚጽፍልኝ ዘመድም የለኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማዋራው ሰው አከራዬ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም ባልቴት። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። በዚያ ዘመን ስለ እንዲህ ያለ ልጅ ጮክ ብሎ አይወራም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን የሆዳችንን ግን ለየብቻችን እንይዝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ንፋሱ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት አከራዬን ተከትዬ ማሳቸው ወረድኩ። የሂላው ግማሽ ያህሉ ተጋድሟል፣ መሬቱ በሰሊጥ ነጥቷል። የተረፈውን ነዶ ሸራ ላይ አራገፍን። ከዚያ ቅጠል አስሬ መጥረጊያ ሠራሁና የወደቀውን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ አፈሩን በወንፊት እናወጣዋለን ብዬ።

«ተው መምህር፣ እሱ የእኛ አይደለም» አሉ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የመንገደኛው ነው። ንፋስ የጣለውን ባለማሳ አይለቅምም፤ አባቶቻችንም አልለቀሙ።»

ተናደድኩ። ክረምቱን በምን ሊገፉት ነው? ለአጨዳ ከደጋ የወረደው ሁሉ ማታውን መጥቶ ሊቃርመው ነው።

«እማማ፣ ደግነትም እኮ ልክ አለው» አልኳቸው።

«ምን ደግነት አለው ብለህ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሱዳን በኩል ሳይነቅሉ። «የኔው ልጅ እዛ ማዶ ከሰው ማሳ ጎንበስ ብሎ የሚቃርም ይመስለኛል። እኔ ይኸን ከጠረግሁት ለሱ ማን ይተውለታል?»

መጥረጊያውን ጣልኩት። ያዘንኩላቸው ቢመስለኝ ደስ ባለኝ፤ የያዘኝ ግን ቅናት ነበር። ያ ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም፣ ግን መሬት ላይ እህል የሚተውለት ሰው አለው። እኔ የቆምኩት እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ በየትም አገር ለእኔ ብሎ የሚተው ሰው አልነበረኝም።