ላምባ ሲጠፋ በዜማ ያጠናነው ሚኒስትሪ

ቡሬ ላይ ላምባ የጠፋ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስብን ወር ከምናምን ቀርቶታል። ዓባይ በረሃ ላይ መንገዱ ተናደ ተባለና የነዳጅ ቦቴ መምጣት አቆመ። አውቶቡሱ ቆመ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ባለሱቁም ገና ከሩቅ ሲያየን «የለም!» ይል ጀመር። ለሌላው ሰው መከራ ነው፤ ለእኛ ለተማሪዎቹ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሠርግና ምላሽ ሆነልን።

ሲመሽ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በማሾ ነበር የምናጠናው። ዳይሬክተራችን መምህራኑን ሰብስበው ዕቅድ አወጡ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ በጠርሙስ ላምባ ያምጣ ተባለ። የመጣው ሁሉ ተደባልቆ ማሾው ላይ ሲሞላ፣ ተንተፋተፈ፣ አስነጠሰና ጠፋ። ለካ ግማሹ እናት ጠርሙሱ ጎደሎ እንዳይሆንባት ውኃ ጨምራበታለች! ቀጥሎ ጧፍ ተሞከረ። አንዲቷን ጧፍ ከበን ስናጎነብስ የአንዷ ሹሩባ ተለበለበና አዳራሹ የበግ ጭንቅላት ጠበሳ ሸተተ። እኛ እንንከተከታለን፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

ብስቅም ሆዴ ግን ሌላ ነበር። ከሽንዲ ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮብኛል። አባቴ ቁርጡን ነግረውኛል፦ «ሚኒስትሪውን ካለፍሽ ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ትማሪያለሽ፤ ከወደቅሽ ለሽንዲዎች እሺ እላለሁ።» አባቴ የኔታ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን መምህር። አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ዳይሬክተሩ መላው ሲጠፋቸው ወደ ማን የሄዱ ይመስላችኋል? ወደ አባቴ!

«የኔታ፣ እርስዎ ተማሪዎችዎን ሲመሽ ያለ መብራት ነው የሚያስጠኑ። እስቲ ለእኛም ያሳዩን» አሏቸው።

እውነታቸውን ነው። የቆሎ ተማሪ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚማረው በቃሉ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ እሱ ይቀበላል፣ እስኪገባው ይደጋግማል። አባቴ ጢማቸውን እያሻሹ «አስኳላ ደጄን ጠናች በሉኛ!» አሉ። ደስታቸውን መደበቅ እንኳ አልቻሉም። «የቅዳሴውን ዜማ አልሰጣችሁም። ሕፃናት ዳዊት የሚያነቡበት ዜማ ይበቃችኋል።»

ከዚያ ወዲያ አመሻሹን ሁሉ የእሳቸው ሆንን። አንዳችን ቀን ያነበብነውን ይላል፣ አባቴ ዜማ ያወጡለታል፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ጂኦግራፊው ገባ፣ ታሪኩ ገባ። ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አባቴ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚባል አያውቁም። «ዘ ሃርት ሃዝ ፎር ቻምበርስ» ስንላቸው «ምን ማለት ነው?» አሉ።

«ልብ አራት ክፍል አላት ማለት ነው።»

«አራት ክፍል ይዛ ነው እንዲህ የምትጠበኝ?»

በሳቅ ፍርስ አልን። ትርጉሙን ባያውቁም ግን ቃል የሚስቱ አይደሉም። አንዲት ከዘለልን መሬቱን በመቋሚያቸው መትተው «ዘለላችሁ፣ ተመለሱ!» ይላሉ።

ፈተናው ፍኖተ ሰላም ነበር። አውቶቡስ ስለሌለ በእግራችን፣ ጭቃውን እያቦካን፣ ሳይንሱን እያዜምን ወረድን። መንገድ ዳር የሚያርሱት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቁመው «የየትኛው ደብር ናችሁ?» ይሉናል። አባቴም ሴት ልጅ ብቻዋን አትላክም ብለው አብረውን መጡ።

ፈተናው ሲጀመር ጉዱ ፈላ። ያ ሁሉ ትምህርት ለካ ከዜማው ጋር ተጣብቋል፤ ካላዜሙት አይመጣም! አንዱ እም... እም... ብሎ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ክፍሉ ቀፎ ሆነ። ከማርቆስ የመጡት ፈታኝ ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ከእንግዲህ ድምፅ ያወጣ ወረቀቱ ይሰረዛል!»

ጸጥ አልን። ጸጥ ስንል እኔ ባዶ ሆንኩ። ጥያቄውን ባየው ባየው ሽንዲ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሳይታወቀኝ አዜምኩ። ፈታኙ ወረቀቴን ነጥቀው ወደ ደጅ አወጡኝ፤ ለጓደኞቿ መልስ እየነገረች ነው አሉ።

አባቴ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው አለቀ፣ ለሽንዲዎችም እሺ ይላሉ። ብድግ አሉ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲህ አድርጌ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወረቀቷን ይስጧትና ከሰው ርቃ ሜዳው ላይ ትጨርስ።»

ፈታኙ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። ከክፍሉ ውስጥ ያ እምምታ እንደገና ተነሣ። ሳቅ አመለጣቸውና ወረቀቴን መለሱልኝ። ምን አለፋችሁ፣ ያለ ዜማ አልሆን ያለው ሁሉ እየወጣ ሜዳው ላይ ተራርቆ ተቀመጠ፤ ክፍሉ ባዶውን ቀረ!

ለእኔ የደረሰኝ ቦታ አጥሩ አጠገብ ነው። ጥያቄው ደም ወደ ሳንባ የሚሄደው ከየትኛው የልብ ክፍል ነው ይላል። «ብላድ ጎዝ ቱ ዘ ላንግስ ፍሮም ዘ...» አልኩ። ቀጣዩ የለም። ደገምኩ፤ የለም። ቀና ስል ከአባቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያውቁታል! ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም እንጂ ቃሉን ያውቁታል። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ወዲያው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቀለሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

እንደምንም ወደ መጀመሪያው፣ ወደ አራቱ ክፍል ተመልሼ ቀስ ብዬ አወረድኩት። «ዘ ራይት ቬንትሪክል»፣ የቀኙ የታችኛው ክፍል፣ ዱብ አለችልኝ። ከሳቄ ጋር እየታገልኩ ጻፍኳት።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ጓደኞቼ እየጨፈሩ ቀደሙ። አባቴ ቆመው ጠበቁኝ።

«ያችን ቦታ ስትስቺ ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አሉ።

«አገኘኋት እኮ፣ አባዬ።»

«አገኘሻት። ጀርባዬን የሰጠሁሽ አፌን ስላላመንኩት ነው።» መንገዱን በመቋሚያቸው መታ አደረጉ። «ነገ ለሽንዲዎች ሰው እልካለሁ።»

እግሬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። «ውጤቱ ሳይመጣ?»

«ውጤቱ ምን ያደርግልኛል? ይቅርባችሁ ልላቸው ነው። ብትወድቂም ደግመሽ ትፈተኛለሽ።»