ፕሮግራም የሚጽፈው ልጄ የሮጠ ዕለት

በደርግ ዘመን የበኩር ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው «ፕሮግራም እጽፋለሁ» አለኝ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁ ሴት ነኝ፤ ፕሮግራም ሲባል የማውቀው የራዲዮውንና የስብሰባውን ነበር። እሱ ግን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በተራ በተራ የሚነግር ጽሕፈት ነው ብሎ አስረዳኝ፤ የሰው ስም በፊደል ተራ እንዲደረድር፣ የጎደለውን እንዲፈልግ። ከቦርሳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ወፍራም ካርድ አውጥቶ አሳየኝ። ማሽኑ የሚያነበው ቀዳዳውን ነው አለ።

«ብል የበላው ነው የሚመስል» አልሁት።

ልጄ ታናናሾቹ ሲያርሱ እሱ ሲማር ያደገ ነው። ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። አዲስ አበባም ሲገባ ከወንበር ወደ ወንበር ሆነ ኑሮው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል «በጉልበቴ አንድ ነገር ዳር ማድረስ አለብኝ» ብሎ ሩጫ ጀመረ። ጎህ ሳይቀድ እንዳይወጣ ሰዓት እላፊ አለ፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ይመሽበታል። ስለዚህ የተከራየበት ግቢ ውስጥ እንደሚያበራይ በሬ ሲዞር ከረመ። «ስዞር ስዞር ራሴን አዞረኝ፤ ቀጥ ያለ መንገድ አማረኝ» አለኝ። አውራጃው ማራቶን ሊያዘጋጅ ነው ብሎ ወንድሙ ሲጽፍለት የሁለት ዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ እኔ ወዳለሁበት ወረታ መጣ። አንደኛ የወጣ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን እንደሚመረጥ ተነግሮ ነበር። ልጄ አንደኛነቱን አላሰበውም። አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ መጨረስ ብቻ ነበር የፈለገው።

የሽምብራው ነቀላ ያለቀበት፣ ሜዳው የደረቀበት ሰሞን ነበር። በየጠዋቱ ይወጣል፤ አንድ ቀን ወደ ይፋግ፣ አንድ ቀን ወደ ሐሙሲት። ሲመለስ በካርዱ ጀርባ የሮጠውን ኪሎ ሜትር ይጽፋል። አገሩ ግራ ገባው። አንዷ ባልቴት በራፌ ድረስ መጥተው «ምነው ልጅሽ፣ ከብት ጠፋበት?» አሉኝ።

«ኧረ አልጠፋበትም፤ ለሩጫ ነው።»

«ማን አባረረው?»

«ማንም።»

«እንዲያው በባዶው?» ብለው እያማተቡ ሄዱ።

እንግዳ የተቀበለ ሰው ለቀበሌ ማስመዝገብ ነበረበትና ልጄን ይዤ ቀርቤ ነበር። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ፣ እኛን ሳያይ «ሥራ?» አለ።

«ፕሮግራም እጽፋለሁ» አለ ልጄ።

ሊቀመንበሩ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «የመንግሥት?»

«አዎ፣ መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ነው።»

በዚያ ዘመን በየስብሰባው «ፕሮግራሙ እንደሚለው» ሳይባል አይዋልም። ፕሮግራሙ ማለት የአብዮቱ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም የለም። እስከዚያ ቀን «አንቺ ሴትዮ፣ ተቀመጭ» ይለኝ የነበረው ሰው ብድግ ብሎ «እትዬ፣ በዚህ በኩል ይውጡ፣ ደጃፉ ድንጋይ አለው» አለኝ። በሳምንቱ ስኳር ሲከፋፈል ከሰልፉ ሊያወጣኝ መጣ። «ይቅደሙ እንጂ!»

«ተራዬን እጠብቃለሁ» ብዬ ቆምሁ። ምክንያቱ ግን አልገባኝም ነበር።

የነገሩኝ ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው፤ ለልጄ ሸራ ጫማ ያመጡለት እሳቸው ናቸው። «እህቴ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው የአንቺ ልጅ ነው እየተባለ ነው» አሉኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ይህን ነገር አርሚው» አሉኝ።

አላረምሁትም። ሊቀመንበሩ መሬት ሲደለደል ለዘመዶቹ የተሻለውን ሲሰጥ፣ እኔ በስብሰባ ተነሥቼ «ይህ ትክክል አይደለም» ስል፣ አፌን ሲያስይዘኝ የኖረ ነው። አሁን እኔን ሲያይ ከመቀመጫው ሲነሣ ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ። እኩል ይሁን እያልሁ ስጮህ የኖርሁት ሴት! ለልጄም አልነገርሁትም።

የውድድሩ ዕለት ሯጮቹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከወረታ ተነሡ። መንገዱ በጉማራ ወንዝ ድልድይ አልፎ፣ ሐሙሲት ሊገባ ሲል የቆመ በርሜል ዞሮ፣ በመጣበት ይመለሳል። ያን ጊዜ አስፋልት የለም፤ ጠጠር ነው። እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ድልድዩ ላይ ውሃ እንድናድል ተመድቤ ነበርና በትራክተር አደረሱን። ሯጮቹ ሃያ አይሞሉም። ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ ከይፋግ የሚመጣ አንድ ሸማኔ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ከቶ ሲሸምን ይሰነብትና፣ በገበያ ቀን የሸማ እስሩን ተሸክሞ ወረታ ሲመጣ ከበቅሎ ቀድሞ ይገባል።

አቧራው ከሩቅ ታየ። ከአቧራው ፊት ደግሞ የኔ ልጅ! እልልታዬን አቀለጥሁት። ሲቀርቡ ግን ዓይኔ አንድ ነገር አልወደደም። ልጄ አፉን ከፍቶ፣ ላቡ እየወረደ፣ ነፍሱ እስክትወጣ ይሮጣል። የቀሩት ደግሞ ታቦት እንደሚሸኝ ሰው ተጠጋግተው ከኋላው ይከተላሉ። ልጄ ጣሳውን ነጥቆኝ ጎንጨት አለና አለፈ። ሸማኔው ግን ቆሞ ጠጣ። ላብ የሚባል የለበትም።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል? አሞሃል?» አልሁት።

«ደኅና ነኝ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትጎተታለህ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዳትቀድሙት ተብለናል። ልጅዎ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው አሉ። የቀደመው ወየውለት ተብሏል።»

«ማነው ያለ?»

«ማን ይላል እትዬ? ያው ሊቀመንበሩ ናቸዋ» አለና ጣሳውን መልሶልኝ ሄደ። ሲሄድም እርምጃውን እየቆጠበ ነበር።

ዝም ብል ሸማኔው ዕድሉን ያጣል፤ ልጄም በእግሩ ያላገኘውን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፣ ዕድሜ ልኩን ሯጭ ነኝ ሲል ይኖራል። ብናገር ደግሞ ዘመኑ ለአንድ ቃል ሰው ከቤቱ የሚወሰድበት ነው። ቢሆንም ዝም ብዬ ያመጣሁት ነገር ነውና ተናግሬ መመለስ ያለብኝ እኔ ነበርሁ።

ሊቀመንበሩ በመኪና ከኋላቸው ደረሰና ወረደ። «እንኳን ደስ ያለዎት! እየመራ ነው እኮ» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ እየመራ አይደለም። እየጠበቁት ነው።»

«አልገባኝም።»

«ገብቶዎታል። ልጄ እርስዎ የሚሉትን ፕሮግራም አይጽፍም። ኮምፒውተር ለሚባል መሣሪያ ነው የሚጽፈው። መሣሪያው ስም ይደረድራል እንጂ አብዮት አያውቅም።»

አጠገቤ የነበረችው ሴት ቀሚሴን ሳበችኝ።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን አጠበበ። «ካርዱስ? ቀዳዳ ያለበት ካርድ ሲይዝ አይቻለሁ።»

«ጀርባው ላይ የሮጠውን ኪሎ ሜትር ይመዘግብበታል።»

«ኪሎ ሜትር?»

«ኪሎ ሜትር።»

ወንዙን ቁልቁል አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ።

አልሽ! «እርስዎ» ማለቱ ቀረ። ሁለት ሳምንት የተሸከምሁት ሸክም ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ።

«ጥሞኝ ነው» አልሁት። እውነቴን ነበር።

የጠበቀው መልስ አልነበረም መሰለኝ፣ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አወጣ። «እኔ እኮ እንግዳ አክብሩ ነው ያልሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«የአውራጃው ሰዎች ወረታ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንደኛ የወጣውን ሥራህ ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ልጄም ለእርስዎ የነገረዎትን ይነግራቸዋል። እነሱ ደግሞ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ ያውቁ ይሆናል።»

ይህን ስለው ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሯጮቹ በርሜሉን ዞረው እስኪመለሱ ድረስ ድልድዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ።

ሲመለሱም ልጄ ከፊት ነው፤ እግሩ ግን እንደ ሰካራም መንገዳገድ ጀምሯል። ሊቀመንበሩ መንገዱ መሀል ገብቶ «ሩጡ! ሁላችሁም ሩጡ! የተባለው ቀርቷል!» ብሎ ጮኸ። ማንም አላመነውም። ሸማኔው እኔን አየኝ።

«ምን ታየኛለህ? ሩጥ እንጂ!» አልሁት።

ከበረት እንደተለቀቀ ጥጃ ተፈተለከ። ሌሎቹም ተከተሉት። ልጄ ብቻውን አቧራው ውስጥ ቀርቶ ቆመ።

«ምንድን ነው እማዬ? ምን ተፈጠረ?»

ነገርሁት፤ ዝም ያልሁትንም ጨምሬ። ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ።

«እኔ እኮ ጎበዝ የሆንሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ያችን ድምፅ አልረሳትም።

ሊቀመንበሩ የመኪናውን በር ከፈተለት። «ና ግባ። ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልሃል?» ከድልድዩ እስከ ወረታ ከሁለት ሰዓት የማያንስ የእግር መንገድ ይቀራል። ፀሐዩም ከሯል። ልጄ በሩን አየ። ሊገባ እንደሆነ ገባኝ።

«ብትገባ አልቀየምህም» አልሁት። «ግን እስከዚህ የሮጥኸው ያንተ ነው። ማንም እግር አላዋሰህም።»

ውሃውን ጠጣ፤ የተረፈውን አናቱ ላይ አፈሰሰ። «ቀስ ብዬ ብመጣ ይጠብቁኛል?»

«እኔ እጠብቅሃለሁ።»

እሱ በእግሩ ሄደ። የተከፈተው መኪና ውስጥ እኔ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ወረታ አደረሰኝ።

ሸማኔው አንደኛ ገባ፤ ሁለተኛው ከመታየቱ በፊት ጋቢውን ደርቦ ተቀምጦ ነበር። የአውራጃው ሰዎች መዘገቡት፣ አጨበጨቡለት። የቀሩት አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። ሰው ተበተነ፣ የአውራጃውም ሰዎች ለምሳ ሄዱ፣ አንድ አስተባባሪ በመግቢያው የተወጠረውን ክር ሊጠቀልል መጣ። አንዱን ጫፍ ያዝሁት።

«ውድድሩ አልቋል እኮ» አለኝ።

«ተመዝግቦ የሮጠ አንድ ሰው መንገድ ላይ አለ። አላለቀም።»

«ልጅሽ ስለሆነ ነው።»

«የማንም ልጅ ቢሆን አልለቅም።»

ተሳድቦ ጥሎኝ ሄደ። ሸማኔው ተነሣና ሌላውን ጫፍ ያዘ። እንዲህ ሆነን ቆምን። ከውጭ ኮስተር ብዬ ቆሜያለሁ። ወድቆስ ቢሆን? ልቡ ቀጥ ብላስ ቢሆን? መኪናው ተከፍቶለት ሳለ በዚያ ፀሐይ ያስኬድሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ መንገድ እንደዚያ ትኩር ብዬ አይቼ አላውቅም።

መጣ። እርምጃው አንድ ክንድ አይሆንም፣ ግን ይሮጣል። ክሩን በደረቱ ገፍቶ ገባና እዚያው መንገዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቀና ሲል ግን ይስቃል።

«ስንተኛ ነኝ?»

«መጨረሻ» አለው ሸማኔው።

«እማዬ፣ ኮቴያቸው ከኋላዬ ሲከተለኝ ቀስ ማለት ፈርቼ ሳንባዬ ሊፈነዳ ነበር። መተንፈስ የጀመርሁት ሲያልፉኝ ነው። ከጉማራ ወዲህ እንዴት እንደቀለለኝ!»

«እኛስ?» አለ ሸማኔው። «ያንተን ያህል ቀስ ብሎ መሮጥ ምን ያህል እንደሚያደክም መች አወቅህ!»

ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ክሩ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

ቀበሌ ይጠራኛል ብዬ ሁለት ቀን ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን አውልቄ አጠብሁ። በማግስቱ ልጄን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድሁት። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ይነከራሉ፤ ድምፅ ግን ይሰማል። እኔም እግሬን ከትቼ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰውነቴ ፍትት ብሎ ተቀምጬ ሳለሁ ከወዲያ በኩል ጮኸ።

«እማዬ! ሁለት የእግር ጥፍሬ ወለቀ!»

«እሰይ!» አልሁት።

አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ምን ዓይነት እናት ናት ብለው ዞረው አዩኝ።