እጇ እንዳይገባ

ክብሪቱ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። ሰብሌ የክብሪቱን ቀፎ በጥርሷ እንደነከሰች አራተኛውን እንጨት በቀኝ እጇ ጫረችው። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ የተቀመጠችው ኡምኩልሱም ሁለት እጆቿን በሻርፗ ጠቅልላ በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃቸዋለች። ብትለቃቸው በራሳቸው እንደሚነሡ ታውቃለች።

«ነፋሱ ነው» አሉ አያ አራጌ።

«ነፋስ እኔም ቤት አለ» አሉ የሰብሌ አባት አቶ ንጉሡ። «እሳቱ ግን ይነድዳል።»

አራተኛው ያዘ። የላምባ ምድጃው ጭስ ተፋና ነደደ።

ውሉ የታሰረው ጠዋት፣ ሁለቱ ሰዎች ሌሊት ተነሥተው ለገበያ ከተማ እንደገቡ ነው። ሰብሌ ውሃ ቀድታ፣ እሳት አንድዳ፣ ወጥ ሠርታ እንግዶቿን እስክታበላ ድረስ የኡምኩልሱም እጅ እንዳይገባ። ካልገባ ሰብሌ መካነ ሰላም በተከራየቻት ክፍል ትኖራለች። አንዴ ከገባ አባቷ ቤት፣ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ትመለሳለች። ዳኛው የሟች እናቷ አጎት አያ አራጌ ናቸው። ለመመለሻዋ የመጣችው በቅሎ ከነኮርቻዋ አጥሩ ላይ ታስራለች።

ሰብሌ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በሦስት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ሁለት እግሯን ወሰደ፤ ግራ እጇንም አሰነፈ። ጉልበቷ ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ አስራ ትድሃለች። አንዱን መርፌ በብብቷ ይዛ ሹራብ ትሠራለች፤ የደጋውን የአቀስታን ብርድ የሚያውቁ ነጋዴዎች ይወስዱላታል።

ኡምኩልሱምን የቀጠረችላት ሪያድ ያለችው ታላቅ እህቷ በዛች ናት። ኡምኩልሱም ራሷ ከሪያድ የተመለሰችው በ2002 ነው። እዚያ አንዲት ሽባ አሮጊት አራት ዓመት አንሥታ አስቀምጣለች፣ አጥባለች፣ አጉርሳለች። ሥራውን የምታውቀው መስሏት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰብሌን ከመሬት ብድግ አድርጋ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት።

«መልሺኝ» አለች ሰብሌ።

«ወዴት?»

«ከነበርኩበት። ሳልጠራሽ ከነካሽኝ ነገ እንዳትመጪ።»

ከዚያ ወዲህ ባለፈው ስምንት ወር የኡምኩልሱም ሥራ ግማሹ አለመንካት ሆነ። ትልቁን ጄሪካን ታነሣለች፤ በመታጠቢያ ቀን ጀርባዋን ታሻለች፤ ጭቃ ሲሆን ታዝላታለች። የቀረውን ሰብሌ ትሠራለች፣ እሷ ትጠብቃለች። መጠበቁ ከማዘሉ ይከብዳል።

ዛሬ ጄሪካኑንም የሚያነሣላት አልነበረም። ትንሿን በገመድ ወገቧ ላይ አስራ ከግቢው ቧንቧ እስከ ክፍሏ አራት ጊዜ ጎተተች። አቶ ንጉሡ በር ላይ ቆመው አዩ።

ሽንኩርቱን በግራ ክርኗ ተጭና ከተፈችው። ዘይቱ ጮኸ። ሽሮውን ልታማስል ስታጎነብስ የነጠላዋ ጫፍ ምድጃው ላይ ወረደ።

ኡምኩልሱም ከዱካው ተነሣች። አቶ ንጉሡም ተነሡ።

«ቁጭ በሉ!» አለች ሰብሌ ለሁለቱም። ነጠላውን በጥርሷ ስባ ከትከሻዋ ጣለችው። ጫፉ ጠቁሯል።

ኡምኩልሱም ተመልሳ ተቀመጠች። «ያ ረቢ» አለች በሆዷ።

«አየሽ?» አሉ አቶ ንጉሡ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ማታ ቢሆንስ ማን ይሰማሻል? እኔ ቤት ምን ጎደለሽ?»

«ቁልፍ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የበር። ስወጣ የምቆልፈው፣ ስገባ የምከፍተው።»

አያ አራጌ ጢማቸውን ዳበሱ። ሽሮው መንተክተክ ጀመረ።

ወጡ ሲደርስ ሰብሌ ትሪው ላይ እንጀራ ዘረጋች።

«ይህንንስ ማን ጋገረው?» አሉ አቶ ንጉሡ።

«ገዛሁት። ከተማ ነው እኮ፣ አባዬ።»

«የተገዛማ አይቆጠርም!»

«የእኔይቱ ሚስት ሁለት ጤነኛ እግር ይዛ ትገዛ የለም እንዴ?» አሉ አያ አራጌ። «እለፈው።»

ሰብሌ ትሪውን እየገፋች፣ እየተከተለች፣ ደግሞ እየገፋች እንግዶቿ ፊት አደረሰችው። ኡምኩልሱም ትንፋሿን ለቀቀች። ሁለቱ ሰዎች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

የተዘረጋ የሽማግሌ እጅ እያየ የሚቀመጥ ሰው በዚያ አገር አላደገም። ኡምኩልሱም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስታስታጥብ የኖረች ናት። ተነሣች፤ ከሰዎቹ ጎን ያለውን ጆግ በቀኝ፣ ሳፋውን በግራ ያዘች፤ ጎንበስ ብላ አፈሰሰች። ውሃው በአቶ ንጉሡ ጣቶች መሀል ሲወርድ ነው የሰብሌን ፊት ያየችው።

«ወላሂ... ረስቼ ነው» አለች።

«አለቀ» አሉ አቶ ንጉሡ። እጃቸውን ሳያደርቁ ተነሡ። «ውሉ እስክታበላን ነበር። ገና አልጎረስንም። እጇ ገባ።»

ኡምኩልሱም ሳፋውን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ውጭ በቅሎዋ በኮቴዋ መሬቱን ትቆፍራለች።

«አያ አራጌ» አለች ሰብሌ ከወለሉ። «ጆጉ የት ነበር?»

«ከጎናችን።»

«ውሃውስ የማንን እጅ ነካ?»

«የአባትሽን።»

«የእኔን እዩት።» ቀኝ እጇን ዘረጋች። ደረቅ ነው፤ ያለበት ጥላሸት ብቻ። «እሳቸው ሁለት ጤነኛ እጅ አላቸው፤ ሰው አስታጠባቸው። ታዲያ እሷ የረዳችው ማንን ነው?»

«ብልጠት ነው!» አሉ አቶ ንጉሡ።

አያ አራጌ የዘረጉትን እጅ መልሰው አዩት፤ ውሃው እሳቸው ዘንድ አልደረሰም ነበር። ጆጉን ራሳቸው አንሥተው ታጠቡ።

«ብልጠትም ቢሆን የራሷ ነው» አሉ። «ማንም አላቀበላትም።» ቆርሰው ጎረሱ። «ጨው አንሶታል። ንጉሡ፣ በቅሎዋን አንተው ተቀመጥባት።»

አቶ ንጉሡ ሳይበሉ ወጡ።

ሰብሌ በዚያች ክፍል ስድስት ዓመት ኖረች። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ኡምኩልሱም የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር።